ድራማው ያው፣ ቀኑ ሌላ፦ የድሮው የአሜሪካ ቴሌቪዥን የምሽት ድልድል

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ማታ ከሥራ ስገባ የድሮ ፊልሞች የሚያሳየውን ቻናል ከፍቼ አረፍ እላለሁ። ስታር ትሬክ፣ ማሽ፣ ጋንስሞክ፣ ሁሉንም ለምጃቸዋለሁ። ስለእነሱ ሳነብ ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ስታር ትሬክ ዓርብ ማታ ስለተደረገ ሞተ ይላሉ። ማሽ ደግሞ ቅዳሜ ስለተደረገ ዳነ ይላሉ። ጥሩ ሥራ ከሆነ ሰው በየትኛውም ቀን ፈልጎ አያየውም ነበር? ወይስ ይሄ የጣቢያ ሰዎች ሰበብ ነው? ሌላው፣ የምሽቱ ፕሮግራም ኒውዮርክ በእነሱ 8 ሰዓት ሲጀምር እኛ ጋ በ7 የሚጀምረው ለምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰበብ አይደለም። በዚያ ዘመን የአንድ ዝግጅት ዕድሜ በራሱ ጥራት ብቻ አይወሰንም ነበር። ከእሱ በፊት የሚታየው ምንድን ነው? በሌሎቹ ጣቢያዎች በዚያው ሰዓት ምን አለ? በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ የሚቀረውስ ማነው? እነዚህ ሦስቱ ብዙ ጊዜ ከድርሰቱም ከተዋናዩም በላይ ይመዝኑ ነበር። በፕሮግራም ድልድል ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ ስለቆየሁ ነገሩን ከልቤ እወደዋለሁ። ስለዚህ ረዘም ቢልብሽ አትታዘቢኝ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ከዚህ በኋላ ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ስል እነሱ 8 የሚሉት ነው። እናንተ ጋ ብዬ ካልለየሁ በስተቀር ሰዓቱ የኒውዮርክ ነው። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ደግሞ በፈረንጆቹ ናቸው።

አገር ቤት ላደግን ሰዎች ይህን ነገር መረዳት ትንሽ ይከብደናል። ለአሥርተ ዓመታት የነበረን አንድ ጣቢያ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያመጣውን እናያለን፣ ካልፈለግን እንዘጋለን። ተፎካካሪ የሚባል ነገር አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ግን ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲና ኤቢሲ የሚባሉ ሦስት አገር አቀፍ ጣቢያዎች (ኔትወርኮች) በየምሽቱ ፊት ለፊት ይገጥሙ ነበር። በ1970ዎቹ ማታ ቴሌቪዥን ከከፈተው ሕዝብ 90 በመቶ ገደማው ከሦስቱ አንዱን ነበር የሚያየው። ቪዲዮ መቅጃ ገና በየቤቱ አልገባም። ያመለጠሽ ክፍል አመለጠሽ ነው። ዕድል ካለሽ በሰኔና በሐምሌ ሲደገም ታገኚዋለሽ።

እስቲ 90ውን ለሦስት አካፍዪው። ለእያንዳንዱ 30 ይደርሰዋል። በዚያን ጊዜ የሞትና የሽረት መስመሩም ይኸው ነበር። በዚያ ሰዓት ከተከፈቱት ቴሌቪዥኖች 30 በመቶውን ያላገኘ ዝግጅት ነገው አያስተማምንም። ዛሬ አንድ ጣቢያ ይህን ያህል ተመልካች ቢያገኝ በደስታ ያብዳል። ያኔ ግን ከዚያ በታች መሆን የመሰናበቻ ደብዳቤ ሊያስጽፍ ይችል ነበር።

ታዲያ ሰው እንዴት ነው የሚመርጠው? በ1960ዎቹ ኤንቢሲ ውስጥ የተመልካች ጥናት ይመራ የነበረ ፖል ክላይን የሚባል ሰው ነበር። የእሱ እምነት፣ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ዝግጅት አይደለም፣ ቴሌቪዥን ማየትን ነው የሚል ነው። ቁጭ ይላል፣ ይከፍታል፣ ከዚያ ከቀረቡለት ውስጥ የማያስከፋውን ያያል። ካላስከፋው አይነሳም። ብዙ ቤት ሪሞት አልነበረም። ቻናል ለመቀየር ከሶፋ ተነስቶ ማዞሪያውን መጠምዘዝ ያስፈልጋል። ቤተሰቡ በሙሉ የሚያየው ደግሞ በአንድ ቴሌቪዥን ነው። አባት፣ እናትና ልጆች ካልተስማሙ ቻናሉ ባለበት ይቀራል። ሐሳቡ ለተመልካች ክብር የጎደለው ሊመስልሽ ይችላል። እኔም ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ድልድል የሚሠሩት ሰዎች ግን በየቀኑ የሚያዩት ቁጥር ብዙ ጊዜ ክላይንን ደግፎ ይመሰክራል። 2 ሰዓት ላይ አንድ ጣቢያ የከፈተ ሰው፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይም ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ በይ። ደካማ ዝግጅት የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለውንም ነው። ይህን በደንብ የሚያሳየው የፋየርስቶን የሙዚቃ ዝግጅት ታሪክ ነው። የጎማ ኩባንያው ከሬዲዮ ዘመን ጀምሮ ሰኞ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የረቀቀ ሙዚቃ ያቀርብ ነበር። ወጪውን የሚከፍለው ራሱ ነው፣ ኤንቢሲ አይከስርም። ተመልካቹ ግን ጥቂት ነው። ከእሱ ቀጥለው የሚመጡት ዝግጅቶች ባዶ ቤት ይረከባሉ። ኤንቢሲ ሰዓቱን ቀይሩልኝ አለ፣ ኩባንያው አሻፈረኝ አለ። በመጨረሻ በ1954 ፋየርስቶን ዝግጅቱን ይዞ ወደ ኤቢሲ ሄደ። በ1959 ኤቢሲም በተራው ሰዓቱን ወሰደበት። ገንዘቡን የሚከፍል፣ ዝግጅቱን የሚወድ፣ ታማኝ ስፖንሰር አለ። ያም ሆኖ አልዳነም። በየምሽቱ የሚቆጠረው የአንዱ ዝግጅት ገቢ ሳይሆን የምሽቱ ድምር ነበርና።

አሁን ወደ ማሽ እንምጣ። ማሽ በሲቢኤስ የጀመረው በ1972 ነው፣ እሑድ 2 ሰዓት ላይ። በዚያ ሰዓት ኤንቢሲ የዲዝኒን ዝግጅት ያሳያል። ልጆች ያሉበት ቤት ሁሉ እዚያ ነው። ኤቢሲ ደግሞ ዘ ኤፍ ቢ አይ የሚባለውን ወንጀል አዳኝ ድራማ ይዟል። ማሽ ስለ ጦር ሜዳ ሐኪሞች የሚያወራ፣ ሳቁም ሐዘኑም የተቀላቀለበት ነገር ነው። እሑድ ምሽት ከልጆች ጋር ለተቀመጠ ቤተሰብ ወዲያው የሚገባ አይደለም። የመጀመሪያ ዓመቱን በተመልካች ብዛት 46ኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚያ ቁጥር ብዙዎች ተሰናብተዋል።

በ1973 መስከረም ሲቢኤስ አነሳውና ቅዳሜ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አስቀመጠው። የዚያን ዓመት የቅዳሜ ምሽት ድልድል እስቲ በቅደም ተከተል እዪው። 2 ሰዓት ላይ ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ የሚባለው ኮሜዲ። በአገሪቱ አንደኛ ነው። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ማሽ። 3 ሰዓት ላይ የሜሪ ታይለር ሙር ዝግጅት። 3 ሰዓት ተኩል ላይ የቦብ ኒውሃርት ዝግጅት። 4 ሰዓት ላይ የካሮል በርኔት ዝግጅት እስከ 5 ሰዓት። በቴሌቪዥን ታሪክ ከዚህ የተሻለ አንድ ምሽት ተደልድሎ አያውቅም የሚሉ አሉ፣ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። የሲቢኤስን ፕሮግራም ይመራ የነበረው ፍሬድ ሲልቨርማን ነው። ያደረገው ነገር አዲሱን በሬ ከብርቱው ጋር ጠምዶ እንደማረስ ነው። ከፊት ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ ይጎትታል። ከኋላ ሜሪ ታይለር ሙርን የሚጠብቅ ሰው ሳይነሳ ይቆያል። ማሽ በዚያ ዓመት 4ኛ ወጣ። ተዋናዮቹ ያው፣ ደራሲዎቹ ያው፣ ድንኳኑም ያው። ከ46ኛ ወደ 4ኛ።

በሚቀጥለው ዓመት ሲቢኤስ ማሽን ወደ ማክሰኞ ወሰደው። አልወደቀም። 5ኛ ሆነ። ያኔ ሰው አውቆታል፣ ወዶታል፣ ተከትሎት ሄዷል። በ1983 የካቲት 28 የመጨረሻው ክፍል ሲታይ 106 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተመለከተው። ሰኞ ማታ ነበር፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የፈጀ ክፍል። እንግዲህ አንቺ ያልሽው ነገር፣ ጥሩ ሥራ በየትኛውም ቀን ይታያል የሚለው፣ እውነት የሚሆነው ሰው ሥራውን ካወቀው በኋላ ነው። መጀመሪያ ግን የሚያስተዋውቀው ጎረቤት ያስፈልገዋል።

ማሽ ቅዳሜን ሲለቅ ያቺ ወርቅ የሆነች የ2 ሰዓት ተኩል ቦታ ባዶ ቀረች። ከዚያ የሆነውን ነገር ብዙ ሰው አያነሳውም፣ ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ ትምህርት የሚሰጠው እሱ ነው። ሲቢኤስ በ1974 እዚያ ቦታ ላይ ፖል ሳንድ የሚባል ኮሜዲያን የሚሠራበትን አዲስ ዝግጅት አስገባ። ከፊቱ ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ፣ ከኋላው ሜሪ ታይለር ሙር። ከዚህ የተመቸ መቀመጫ የለም። ቁጥሩም ቢሆን ከብዙዎቹ የተሻለ ነበር። በጥር 1975 ግን ተሰረዘ። ለምን? ከኦል ኢን ዘ ፋሚሊ የተረከበውን ሕዝብ መያዝ ስላልቻለ ነው። 2 ሰዓት ላይ የነበረው ሰው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቶ እየሄደ ነበር። በቦታው ዘ ጀፈርሰንስ ገባ። ወዲያው የዓመቱ 4ኛ ሆነና እስከ 1985 ቆየ።

ለጥያቄሽ ዋናው መልስ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ጥሩ ሰዓት ተመልካች ያበድራል እንጂ አይሰጥም። ዝግጅቱ የሚመዘነው የተበደረውን ምን ያህል አቆየ በሚለው ነው። መጥፎ ሰዓት ደግሞ የሚያበድርሽ የለም። ከባዶ ትጀምሪያለሽ።

ስታር ትሬክ ያጋጠመው ይሄ ሁለተኛው ነው። የጀመረው በ1966 መስከረም 8 ነው፣ ሐሙስ 2 ሰዓት ተኩል፣ በኤንቢሲ። በሁለተኛው ዓመት ወደ ዓርብ 2 ሰዓት ተኩል ሄደ። ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ ሊሰረዝ ነው ተባለ። ወዳጆቹ ለጣቢያው የደብዳቤ ናዳ አወረዱበት። በመጋቢት 1968 ኤንቢሲ በራሱ ስርጭት ላይ ይቀጥላል ብሎ እስከማስታወቅ ደረሰ። ይህ ተሰምቶ የማይታወቅ ነገር ነው።

ለሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ የታሰበለት ሰዓት ሰኞ 1 ሰዓት ተኩል ነበር። ወጣቱ ቤት ያለበት፣ ተማሪው ገና ያልወጣበት ሰዓት ነው። ችግሩ፣ ሰኞ 2 ሰዓት ላይ ላፍ ኢን የሚባለው የቀልድ ዝግጅት በዚያ ሰሞን አገሩን አጥለቅልቆታል። ስታር ትሬክ አንድ ሰዓት ስለሚፈጅ ላፍ ኢን በግማሽ ሰዓት መገፋት ሊኖርበት ነው። አዘጋጁ ጆርጅ ሽላተር አይነካም አለ። ኤንቢሲም አሸናፊ ፈረሱን ማስከፋት አልፈለገም። ስታር ትሬክ ዓርብ 4 ሰዓት ላይ ተጣለ። ፈጣሪው ጂን ሮደንቤሪ በዚህ ተቆጥቶ ከዕለት ተዕለት ሥራው ራሱን አራቀ። በጀቱም ተቀነሰ።

ዓርብ 4 ሰዓት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። የስታር ትሬክ ወዳጅ ማነው? የኮሌጅ ተማሪ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ወጣት ባለሙያ። ዓርብ ማታ 4 ሰዓት ላይ እነዚህ ሰዎች የት ናቸው? ኳስ ሜዳ፣ ሲኒማ፣ ጓደኛ ቤት። ዝግጅቱን የሚወደው ሰው ከቤት ወጥቷል። ቤት የቀረው ደግሞ ስለ ጠፈር መርከብ ግድ የለውም። በሰኔ 1969 የመጨረሻው አዲስ ክፍል ታየ። በሦስት ዓመት 79 ክፍል።

ያው 79 ክፍል በየከተማው ላሉ ጣቢያዎች ለድጋሚ ሲሸጥ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የካይዘር ኩባንያ ጣቢያዎች ገዝተው ከቀኑ 12 ሰዓት ላይ አስቀመጡት፣ ሌሎች ጣቢያዎች ዜና በሚያሳዩበት ሰዓት። ስሌቱ ቀላል ነው። ዜና የሚያየው ትልቅ ሰው ነው። ወጣቱ በዚያ ሰዓት ቤት አለ፣ የሚያየው ግን የለውም። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ስለሚታይ ቀኑን ማስታወስ እንኳን አያስፈልግም። ስታር ትሬክ ዛሬ የምናውቀውን ስም ያገኘው በዚህ መንገድ ነው፣ በኤንቢሲ ዘመን አይደለም። አንድም ትዕይንት አልተቀየረም። የተቀየረው ሰዓቱ ነው።

ዓርብ በራሱ እርግማን አለበት ማለት ግን አይደለም። ዳላስን አስታውሺ። እሱም ሲቢኤስ ላይ ዓርብ 4 ሰዓት ላይ ይታይ ነበር፣ ልክ ስታር ትሬክ በሞተበት ሰዓት። የድራማውን ዋና ገጸ ባሕርይ ጄ አርን ማን እንደተኮሰበት የተገለጸበት የኅዳር 21 ቀን 1980 ክፍል ከ80 ሚሊዮን በላይ አሜሪካዊ ተመለከተው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ዳላስ የባልና ሚስት፣ የእናትና የአያት ድራማ ነው። ዓርብ ማታ ቤት የሚቀሩት እነሱ ናቸው። ከፊቱ ደግሞ ዱክስ ኦፍ ሃዛርድ ብዙ ሕዝብ ሰብስቦ ያስረክበዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ዓርብ ሟች ቀን ነው ሲልሽ፣ ለማን ብለሽ ጠይቂው።

ጋንስሞክን ስለጠቀስሽ ደስ ብሎኛል። የእሱ ታሪክ የስታር ትሬክ ተቃራኒ ነው። በ1955 ሲጀምር ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ ነበር። ለአዋቂ የተሠራ ዌስተርን (የካውቦይ ድራማ) ነው፣ ከ1957 ጀምሮ ለአራት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ሆኗል። እየቆየ ግን አረጀ፣ ተመልካቹም እየሳሳ ሄደ። በ1967 ሲቢኤስ ሰረዘው። የሲቢኤስ ባለቤትና አለቃ ዊሊያም ፔሊ ግን ውሳኔውን ሲሰማ ይመለስ አለ። አለቃው ካለ ይመለሳል። ቅዳሜ ቦታው ግን ተይዟል። ስለዚህ ሰኞ 1 ሰዓት ተኩል ላይ አስገቡት። ለእሱ ቦታ ለመልቀቅ ጊሊጋንስ አይላንድ የሚባለው ኮሜዲ ተሰረዘ። ምስኪን፣ ሊቀጥል ነው ተብሎ ነበር።

እና ምን ሆነ? ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ ልጆች ተኝተዋል። ሰኞ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ግን ልጅ ሁሉ ንቁ ነው፣ እናንተ ጋ እንዲያውም ገና 12 ሰዓት ተኩል ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው፣ አለቀለት የተባለ ዌስተርን ጭራሽ አዲስ ትውልድ አገኘ። በዚያው ዓመት ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ገባ። እስከ 1975 ድረስ ቀጠለ፣ 20 ዓመት፣ 635 ክፍል። አንድ ሰው ይመለስ ባይል ኖሮ ከዚያ ውስጥ ስምንቱ ዓመት አይኖርም ነበር።

የጣቢያ አለቆች ግን ከዚህ ሁሉ ተምረዋል ብለሽ እንዳታስቢ። በ1979 ኤቢሲ ቁንጮ ላይ ነበር። ላቨርን ኤንድ ሸርሊ ማክሰኞ ማታ ከሃፒ ዴይስ ቀጥሎ እየታየ ሁለት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ወጥቷል። ሞርክ ኤንድ ሚንዲ በመጀመሪያ ዓመቱ 3ኛ ሆኗል፣ ወጣቱ ሮቢን ዊሊያምስ አገሩን በሳቅ እያፈረሰው ነው። አለቆቹ፣ እነዚህ ብርቱዎች ናቸው፣ ብቻቸውን ሌላ ምሽት ያንሱልን አሉ። ላቨርን ኤንድ ሸርሊን ወደ ሐሙስ ወሰዱት። ሞርክ ኤንድ ሚንዲን እሑድ ማታ የኦል ኢን ዘ ፋሚሊ ተከታይ ከሆነው ከአርቺ ባንከርስ ፕሌስ ጋር ፊት ለፊት አጋጠሙት። ላቨርን ኤንድ ሸርሊ ከመጀመሪያዎቹ 30 ውጭ ሆነ። በወራት ውስጥ ተጣድፈው ወደ ማክሰኞ መለሱት። ሞርክ ኤንድ ሚንዲ 27ኛ ላይ ወደቀ፣ ወደ ሐሙስ ቢመለስም የድሮውን ያህል ሆኖ አያውቅም። ይህ ውሳኔ እስካሁን ያናድደኛል። በአንድ መስከረም ሁለት ጤነኛ ዝግጅት አሳመሙ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

አንቺ የምትይው ዓይነት፣ ከተማውን ራሱ የሚያንቀሳቅስ ዝግጅትም አልጠፋም። በ1950ዎቹ አይ ላቭ ሉሲ ሰኞ 3 ሰዓት ላይ ሲታይ የቺካጎው ትልቅ የልብስ መደብር ማርሻል ፊልድስ ሰኞ የነበረውን የምሽት ገበያ ወደ ሐሙስ አዛወረው ይባላል። ሸማች የለማ! በጥር 1953 ሉሲ ስትወልድ 44 ሚሊዮን ሰው አየ። የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በዓለ ሲመት የዋለው በማግስቱ ነው። ግን ይህንንም አስተውዪ። አይ ላቭ ሉሲ ስድስቱንም ዓመት ከሰኞ 3 ሰዓት ንቅንቅ አላለም። ማንም ሊነካው አልደፈረም። ተገፍቶም ያልወደቀውን ካልሽ ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ ነው። በ1975 ጣቢያዎቹ የምሽቱን የመጀመሪያ ሰዓት ለቤተሰብ የሚሆን እናድርገው ብለው ተስማሙ። ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ አፉ ስለማይታረም ከቅዳሜ 2 ሰዓት ወደ ሰኞ 3 ሰዓት ተባረረ። አንደኛነቱን ግን በዚያም ዓመት አልለቀቀም። ስምምነቱን በ1976 አንድ የፌዴራል ዳኛ ከመንግሥት ግፊት የመጣ ነው ብሎ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለው።

ብርቱ ከተቀመጠበት ሰዓት ጋር መግጠምም የራሱ ጥበብ አለው። እሱን መሳይ ካቀረብሽ ትሸነፊያለሽ። በ1952 ማክሰኞ 2 ሰዓት የኮሜዲያኑ የሚልተን በርል ነበር፣ የቴሌቪዥን ንጉሥ። ዱሞንት የሚባለው ትንሽ ኔትወርክ ከእሱ ፊት ለፊት አንድ የካቶሊክ ጳጳስ አቆመ፣ ፉልተን ሺን። መድረክ፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና ስብከት፣ ሌላ ምንም የለም። ሳቅ የጠገበ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሺን ሚሊዮኖች ተከተሉት፣ ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማትም ወሰደ። ከ20 ዓመት በኋላ ሲቢኤስ ያንኑ አደረገ። ሐሙስ 2 ሰዓት ላይ የፍሊፕ ዊልሰን የቀልድ ዝግጅት አይቀመስም በተባለበት ጊዜ፣ ስለ አንድ ድሃ የተራራ ቤተሰብ የሚያወራውን ዘ ዋልተንስን አቀረበ። ይወድቃል ተብሎ ተጠበቀ። በሁለተኛው ዓመት 2ኛ ሆነ። ፍሊፕ ዊልሰን በ1974 ተሰናበተ።

በኋላ የመጣው የኤንቢሲ ሐሙስ ምሽት ብዙ ተጽፎለታል፣ እኔ ባጭሩ ልለፈው። ቺርስ በ1982 ሲጀምር ከዝርዝሩ ግርጌ አካባቢ ነበር። ጣቢያው ታገሠው። በ1984 መስከረም 2 ሰዓት ላይ የኮዝቢ ዝግጅት ሲገባ ምሽቱ በሙሉ አብሮት ተነሳ። በ1994 ፍሬንድስ ሲጀምር ያስቀመጡት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ማድ አባውት ዩ ከፊቱ፣ ሳይንፌልድ ከኋላው። በ1973 ለማሽ የተሰጠችው ያቺው ቦታ ናት። ሐሙስን የመረጡትም በዘፈቀደ አይደለም። አዲስ ፊልም ሲኒማ ቤት የሚገባው ዓርብ ነው። ፊልም ሠሪዎች ሐሙስ ማታ ወጣቱን በማስታወቂያ ለማግኘት ውድ ዋጋ ይከፍሉ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልሂድ። ምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መጀመሩ ራሱ ከጥንት የነበረ አይደለም። እስከ 1971 ድረስ ኔትወርኮቹ የሚጀምሩት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ለዚህ ነው ጋንስሞክ ሰኞ 1 ሰዓት ተኩል ነው ያልኩሽ። በ1970 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ኔትወርኮች በትልልቆቹ 50 ከተሞች በምሽት ከሦስት ሰዓት በላይ እንዳይዙ ደንብ አወጣ። የቀረውን ግማሽ ሰዓት የየከተማው ጣቢያ በራሱ ፕሮግራም እንዲሞላው ነው የታሰበው። ጣቢያዎቹ ግን ባብዛኛው በርካሽ የሚገዙ የጥያቄና መልስ ውድድሮች ሞሉበት። ዊል ኦፍ ፎርቹንና ጄፐርዲ የምሽት ንጉሥ የሆኑት በዚያ ክፍተት ነው። ደንቡ በ1996 ቀርቷል፣ ሰዓቱ ግን እንደተለመደው ቀጠለ። እሑድ ለዜናና ለልጆች ዝግጅት የተለየ ፈቃድ ነበረ። ሲቢኤስ በ1975 መጨረሻ ሲክስቲ ሚኒትስን እሑድ 1 ሰዓት ላይ ያስገባው በዚያ ቀዳዳ ነው። ከፊቱ የአሜሪካ እግር ኳስ የሰበሰበውን ሕዝብ እየተረከበ በ1980 የዓመቱ አንደኛ ሆነ፣ የዜና ዝግጅት ሆኖ!

እናንተ ጋ በአንድ ሰዓት መቅደሙ ደግሞ ከሬዲዮ ዘመን የመጣ ነው። ብዙ ሰው የሚነግርሽ የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝብ ገበሬ ስለሆነ ቀድሞ ይተኛል የሚል ነው። ከዚያ ይልቅ ነገሩን የወሰነው የስርጭት መስመሩ ነው። ከኒውዮርክ የሚወጣው ስርጭት በአንድ ጊዜ ለምሥራቁም ለመካከለኛውም ይደርሳል። ኒውዮርክ 2 ሰዓት ሲሆን ሚኒሶታ 1 ሰዓት ነው። ለየብቻ መላክ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ቀጥታ ስርጭትን ደግሞ ለማዘግየት መሣሪያ አልነበረም። የዌስት ኮስት (የምዕራቡ ዳርቻ) ልዩነት ሦስት ሰዓት ስለሆነ እንዲሁ ሊተው አልቻለም። እዚያ ስርጭቱን ከስክሪን ላይ በፊልም ቀርጸው፣ በጥድፊያ አጥበው፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ያሳዩ ነበር። ምስሉ የደበዘዘ ነው። በ1956 የአምፔክስ ቪዲዮ ቴፕ መጣ። ሲቢኤስ በዚያው ዓመት ኅዳር 30 የዳግላስ ኤድዋርድስን ዜና በቴፕ አዘግይቶ ለዌስት ኮስት አሳየ። ከዚያ ወዲህ ሎስ አንጀለስ እንደ ኒውዮርክ በ2 ሰዓት ይጀምራል። ለመካከለኛው ግን ማንም የለመደውን ሊቀይር አልፈለገም። የእናንተ የአካባቢ የማታ ዜና 4 ሰዓት ላይ፣ የኒውዮርኩ ደግሞ 5 ሰዓት ላይ የሚጀምረውም በዚሁ ምክንያት ነው።